ጭነት የያዘ መኪና የማይገባበት በር

እስቲ ያንን በር ተመልከቱ። ከጎማ ቤቴ ፊት ለፊት ያለውን፣ ሰማያዊ ቀለሙ ተልጦ ዝገቱ የወጣውን የጋራዥ በር። በላዩ ላይ በቀይ የተጻፈውንም አንብቡ፦ «ጭነት የያዘ መኪና መግባት ክልክል ነው»። አሁን ዓይናችሁን ዝቅ አድርጉ። በሩ መሃል፣ መኪና በሚያልፍበት ላይ፣ በላስቲክ ወንበር የተቀመጠ ሰው አለ። ክራንቹን ጭኑ ላይ አጋድሟል። የሱሪው ቀኝ እግር ከጉልበት በታች ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ከኋላው ሊወጡ፣ ከፊቱ ሊገቡ የተሰለፉ መኪኖች ክላክሳቸውን ያምባርቁበታል። እሱ ንቅንቅ አላለም።

ይህ ሰው የበሩ ዘበኛ ነው። ሥራው ጭነት የያዘ መኪና ሲመጣ «ሂድና አራግፈህ ና» ብሎ መመለስ ነው። ዛሬ ግን ባዶውንም አላስገባም ብሎ ተቀምጧል። «አብዷል» የሚሉ አሉ። እኔ ጎማ መለጠፌን ትቼ ይህን የምጽፈው ማን እንዳበደ ራሳችሁ እንድትፈርዱ ነው። ስለዚህ አታቋርጡኝ።

ሰፈሩ የሚጠራው «ይሰማሃል» ብሎ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። ሹፌር በነበረ ጊዜ ያገኘውን ሁሉ ክንዱን ይዞ «ስትጫን ሆዷ ውስጥ ዝዝዝ የሚል ነገር አለ፤ ይሰማሃል?» ይል ስለነበር፣ የድንጋይ ካባው ሠራተኞች ለጠፉበት። ሲስቁበት አብሮ ይስቅ ነበር። መጀመሪያ መጀመሪያ ላይ።

የሚነዳት ገልባጭ የራሱ አልነበረችም፤ የሚስቱ ታላቅ ወንድም ናት። ከላይ ካባው ጠጠር ይጭናል፣ በዚህ በጋራዡ መንገድ ያልፋል፣ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ይወርድና ታች ሕንፃ ከሚሠራበት ይዘረግፈዋል። ባልና ሚስት ከሴት ልጃቸው ጋር የሚኖሩትም እዚያው ባለመኪናው ግቢ፣ ጓሮ ባሉት ሁለት ክፍሎች ነው። በአንዷ ይተኛሉ፤ በሌላዋ ሚስቱ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ የሰፈሩን ልብስ ታሳጥራለች፣ ታስረዝማለች። የመኝታ ቤታቸው መስኮት የሚከፈተው ገልባጯ ወደምታድርበት ነው። «ዓይንህን ስትገልጥ ከኔ በፊት የምታያት እሷን ነው፤ ጣውንቴ» ትለው ነበር።

እንግዲህ አስቡት። አሠሪህ የሚስትህ ወንድም፣ ቤትህ የአሠሪህ ጓሮ። «አልነዳም» የምትለው ለማን ነው?

ነገሩ የተበላሸው ባለመኪናው «ትንሽ ትጨምር» ያለ ጊዜ ነው። ከኋላ ጎማዎች ዘንድ ጭነቱን የሚሸከሙ የተደራረቡ የብረት ቅጠሎች አሉ፤ ባሌስትራ እንላቸዋለን። በነሱ ላይ ሌላ ቅጠል አስደረበ። በጭነት ሳጥኗ ግድግዳ ላይ ደግሞ ጠጠሩ ከፍ ብሎ እንዲቆለል ሳንቃ አስቸነከረ። ባዶዋን ስትቆም ቂጧን ሰቅላ ጥሬ የምትለቅም ዶሮ መሰለች።

ቂጧ ሲሰቀል ታዲያ ባዶዋን መንቀጥቀጥ ጀመረች። ወደዚህ ጋራዥ መጣች። ዋናውን መካኒክ «ዶክተር» ነው የምንለው፤ ሞተር ላይ ጆሮውን ለጥፎ ዓይኑን ሲጨፍን የልብ ትርታ የሚያዳምጥ ይመስላል። ዶክተር በባሌስትራውና የኋላ ጎማዎቹን በሚያያይዘው አክስል መሃል የብረት ሽብልቅ ከተተ። መንቀጥቀጧ ወዲያው ቆመ። ባለመኪናው ጋቢና ገብቶ ሰፈሩን አንድ ዙር ዞረና «እንደ አዲስ!» ብሎ ወረደ። የዞረባት ባዶዋን ነበር። ይህን ያዙልኝ።

የዚህን ሽብልቅ ጣጣ የነገረኝ ራሱ ዶክተር ነው፤ እኔ በር ላይ ሻይ እየጠጣ። ከመኪናዋ ሆድ ሥር፣ የሞተሩን ጉልበት ከካምቢዮ ወደ ኋላ ጎማዎች የሚያደርስ ወፍራም ተሽከርካሪ ብረት አለ፤ ካርዳን ይባላል። በሁለቱም ጫፍ እንደ ክርን የሚታጠፍ መገጣጠሚያ አለው፤ ያ ክሮቸራ ነው። የፊተኛው ክሮቸራ ሲታጠፍ ካርዳኑ በያንዳንዱ ዙር ፈጠን ዘግየት፣ ፈጠን ዘግየት ይላል። የኋለኛው በዚያው ልክ ከታጠፈ ያንን ያቻችለዋል። በርሜል በእንጨት የተሸከሙ ሁለት ሰዎች እርምጃቸውን እንደሚያቻችሉት ማለት ነው። ልካቸው ከተለያየ ግን የሚያቻችል የለም፤ መንቀጥቀጡ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል።

ጭነት ሲበዛስ? ባሌስትራው ይተኛል። ሳጥኑ ወደ አክስሉ ይወርዳል። የካርዳኑ ዝንባሌ ይለወጣል። ሞተሩ በኃይል ሲጎትት ደግሞ የአክስሉ አፍንጫ ቀና ይላል። ለባዶዋ የተለካው ሽብልቅ ሙሉ ስትጫን ራሱ በሽታ ሆኖ ቁጭ ይላል።

«ታዲያ ተጭና ሳለች ለካት!» አልኩት።

«የት? በሩን አታነብም?» አለኝ። ድሮ አንድ የተጫነ መኪና ከመኪና ሥር የሚሠራበትን የጋራዡን ጉድጓድ ጠርዝ ንዶ፣ ከሥሩ የነበረው ልጅ ለጥቂት ተርፏል። ከዚያ ወዲህ ነው ያ ጽሑፍ የተጻፈው። እሱንስ አልነቅፍም።

«መንገድ ላይ ለካታ!»

«መንገድ ላይ ከመኪና ሥር ልተኛ? ሰውየው፣ አንተ ጎማህን ለጥፍ።»

ሻዩን ጨለጠና ሄደ።

ከዚያ በኋላ የይሰማሃል ኑሮ ላይ ታች ማለት ሆነ። ሲጭን ትንቀጠቀጣለች። አራግፎ ወደ ጋራዡ ይመጣል። ዶክተር ወጥቶ ያያታል።

«ዶክተር፣ እባክህ፣ ትንቀጠቀጣለች።»

«መቼ?»

«ስትጫን።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ባዶ ናት።»

«እንግዲያው አሁን ጤነኛ ናት። በል ውጣ፣ ሰው ተሰልፏል።»

ክሮቸራው ተበልቶ ያልቃል፣ ይቀየራል፣ እንደገና ያልቃል። ያለቁትን ኪሱ እየከተተ ባለመኪናው መዳፍ ላይ ያስቀምጥለት ነበር። «ጋሼ፣ ይኸው ይዩልኝ።» ባለመኪናው ደግሞ ብረቱን አገላብጦ አይቶ «አነዳድህ ነው፤ ፍሪሲዮን ስትለቅ እንደ ፈረስ ትዘላለህ» ይለዋል። ብረቱን መልሶ ይሰጠዋል። እጁን በመሐረብ ይጠርጋል።

ሚስቱ ያወቀችው ከብርጭቆው ነው። እራት ላይ ውሃ ሊጠጣ ሲያነሳ ብርጭቆው ጥርሱን መታው።

«እጅህ ምን ሆኗል?»

«ምንም። መሪው ነው።»

«መሪው ውጭ ነው ያለው፤ እጅህ እዚህ ነው።»

ልጃቸው ሳቀች። እሱ ብርጭቆውን አስቀመጠና እጁን ከጠረጴዛው ሥር ደበቀ። ሚስቱ ግን አልሳቀችም።

«የኔ ማሽን እንዲህ ሲንቀጠቀጥ መርፌ ይሰብራል። ያቺ ምንድን ነው የምትሰብረው?»

ይሰማሃል መልሱን ያውቀዋል። ካርዳኑ ቁልቁለቱ ላይ ቢበጠስ ሞተሩ መኪናዋን መያዝ አይችልም። ከበድ ያለው ብረት እየተወራጨ የፍሬኑን የንፋስ ቱቦ ቢመታው ደግሞ ፍሬንም የለም። መኪናዋ ያረጀች ናት፤ ንፋስ ሲያልቅ በራሱ የሚያስር ፍሬን የላትም። ይህን ሁሉ እያወቀ በየቀኑ ይወርዳል። እናንተ ይህን ማወቅ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በጠዋት ልጅህን ስመህ፣ በደህና እንደሚመለስ ሰው መስለህ መውጣት ነው።

ሚስቱ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ከጓሮ ወደ ትልቁ ቤት ተሻገረች። ወንድሟ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ቴሌቪዥን ያያል።

«ወንድም ጋሼ፣ ባሌ ሊሞት ነው።»

«ታሟል እንዴ?»

«መኪናህ ናት የታመመችው።»

«እሷን ተይልኝ። ዶክተር አይቷታል፣ ደህና ናት ብሏል። ከዶክተር በላይ አወቅሽ?»

«አንተ ተጭና ተቀምጠህባት ታውቃለህ?»

ወንድሟ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረ። እሷ ሄዳ ማያውን ጋረደችበት።

«በእናታችን አጥንት ይዤሃለሁ። አንድ ቀን አጠገቡ ተቀምጠህ ውረድ። አንድ ቀን ብቻ። ካልተንቀጠቀጠች ሁለተኛ አፌን አልከፍትም።»

በእናት አጥንት የተያዘ ሰው ምን ይላል? «እሺ፣ እሺ፤ ዞር በይልኝ» አለ።

ይሰማሃል ያን ሰሞን ሌላ ሰው ሆነ። ጢሙን ተላጨ። ሚስቱ የጋቢናውን የወንበር ልብስ አጥባ፣ የተቀደደውን ሰፍታ አለበሰችለት። እኔ በር ላይ ቆሞ «ነገ ይሰማዋል! በገዛ ቂጡ ይሰማዋል!» እያለ ጎማዬን በእግሩ ሲመታ አይቼዋለሁ። ሠርግ የተጠራ ይመስል ነበር።

ባለመኪናው ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ወደ ካባው አብረው ወጡ። የሠራተኞቹ አለቃ ካቦው የባለመኪናውን መምጣት ሲያይ ቆቡን አውልቆ ሮጠ። «ጋሼ! ምን እግር ጣለዎት?» ወንበር አመጣ፣ ወንበሩን በእጁ ጠረገ፣ የታሸገ ውሃ አስመጣ። ይሰማሃል የኋላ ጎማዎቹን በመዶሻ እየመታ ንፋሳቸውን ይፈትሽ ነበር። ካቦው ለጠጠር መጫኛው ሎደር ሠራተኛ በእጁ ያሳየውን ምልክት አላየም።

ወረዱ። መጀመሪያው መታጠፊያ ጋ ይሰማሃል ጆሮውን አቆመ። ምንም። መሪውን በጣቱ ጫፍ ብቻ ያዘ። ምንም የለም። እንደ ቅቤ ትወርዳለች።

«የታለ?» አለ ባለመኪናው።

«ትንሽ ይቆዩ ጋሼ፤ ከመታጠፊያው በኋላ…»

ከመታጠፊያው በኋላም የለም። ሰውየው ራሱን መስታወቱ ላይ አስደግፎ ዓይኑን ጨፈነ። ማንኮራፋት ጀመረ። ይሰማሃል ሲነግረኝ፣ «በሕይወቴ መኪና እንድትንቀጠቀጥ የጸለይኩት ያን ቀን ነው» ብሎኛል። «በናትሽ፣ አንዴ ብቻ አንቀጥቅጪው፣ እያልኩ ለመንኳት።»

ታች ሲደርሱ ባለመኪናው እየተንጠራራ ወረደና የሕንፃው ሠራተኞች ሁሉ እንዲሰሙ ጮክ ብሎ ተናገረ። «ይቺ ናት የምታንቀጠቅጥህ? እኔኮ እንቅልፍ ወሰደኝ! አማቼ፣ የምትንቀጠቀጠው አንተ ነህ!»

ሳቁ ከወለል ወለል አስተጋባ። ይሰማሃል ሳጥኑን አነሳና ጠጠሩን ዘረገፈ። ክምሩን ያየው ያኔ ነው። ትንሽ ነበር። የልማዱን ግማሽ ቢሆን ነው።

ባለመኪናውን እዚያው ጥሎ ባዶዋን ወደ ካባው አስጋለባት።

«ምን አድርገህ ነው የጫንከኝ?» አለው ካቦውን፣ አንገቱን ሊያንቀው ምንም አልቀረው።

«ቀነስኩልህ! ጋሼ አብረውህ ስላሉ ከሳንቃው በታች አድርገው አልኩት። ሸሚዛቸው ላይ አቧራ እንዳይራገፍ፤ አንተም እሳቸው ፊት እንዳታፍር።»

«ገደልከኝ።»

«እንዴ! ምን አጠፋሁ? አክብሬኮ ነው!»

አክብሮ ነው! እዚህ ላይ ደም ሥሬ ይገታተራል። አለቃ ሲመጣ አቧራውን እንጠርጋለን፣ ጉድጓዱን እንደፍናለን፣ ጭነቱን እንቀንሳለን። ከዚያ አለቃው «ምንም የለም» ብሎ ሲሄድ እጃችንን አፋችን ላይ ጭነን እንገረማለን። ካቦው ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ሙሉ ይጭነው ነበር፤ ባለመኪናውም ይሰማው ነበር።

ይሰማሃል ሄዶ «ጋሼ፣ ተቀንሶ ነው» ቢለው «በቃ! በዓይኔ አየሁ፣ በጆሮዬ ሰማሁ» ብሎ በሩን ዘጋበት። ሚስቱም በእናቷ አጥንት አፏን አሥራለች። ያን ቀን የስፌት መኪናዋ ዝም ብሎ ዋለ፣ ዝም ብሎ አመሸ። «እንውጣ» አለችው። «ወዴት?» አላት። ልጅቷ መሃላቸው ሆና የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር።

ብዙም አልቆየ። ካፊያ የጣለበት ቀን ነው፤ ጠጠሩ ውሃ ጠጥቶ ከብዷል፤ ከሳንቃው በላይ ተቆልሏል። ከሁለተኛው መታጠፊያ በታች ካርዳኑ ከኋለኛው ክሮቸራ ላይ ተበጠሰ። እየተወራጨ የንፋስ ቱቦውን ቆረጠው። ፍሬኑን ቢረግጥ አልያዘም። ከፊቱ ፍራፍሬ የሚሸጡ ሴቶች ጥላቸውን ዘርግተዋል። መሪውን ወደ መንገዱ ዳር የጋራ ግድግዳ ጠመዘዘ። የመኪናዋ ፊት ተጨረማመተ፣ ጠጠሩ ከኋላ መስታወቱን ሰብሮ ጋቢናውን ሞላው፣ ቀኝ እግሩ እዚያው ቀረ።

ሆስፒታል ልጠይቀው ሄድኩ። ነጭ አንሶላው ከጉልበቱ በታች ሜዳ ሆኗል። «ስትበጠስ መጀመሪያ ምን እንደተሰማኝ ታውቃለህ?» አለኝ። «እፎይታ። በቃ፣ አሁን ያምኑኛል አልኩ።»

አላመኑትም። ጠጠሩ ተራገፈ፣ መኪናዋ ተጎትታ መጣች፣ መርማሪዎች ባዶዋን በክሪክ አንስተው አዩዋት። ባዶዋን! ካርዳኑ ከፊትና ከኋላ የሚያርፍበትን ዝንባሌ ለኩ፤ ልክ ነው። ዶክተር ተጠየቀ። «ስትገባ ስትወጣ ደህና ነበረች?» «ደህና ነበረች።» አልዋሸም። የሚያንገበግበኝም አለመዋሸቱ ነው። «ከልክ ያለፈ ፍጥነት፣ የአሽከርካሪ ጥፋት» ተባለና መንጃ ፈቃዱ ተነጠቀ።

ከዚያ ዶክተር፣ እንቅልፍ ቢነሳው ይሁን ሌላ፣ የጋራዡን ባለቤት ለምኖ የበር ዘበኝነት አስቀጠረው። አዎ፣ በዚያ ጽሑፍ ሥር። ሲጫን የሚንቀጠቀጥ መኪና ይዞ የሚመጣውን ሹፌር ሁሉ «አራግፈህ ና» የሚለው እሱ ሆነ። ክራንቹን ተደግፎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ቃሉን እየዋጠ ይላቸዋል። ቤት ልጅ አለው። ምን ይበል?

ገልባጯስ? ተጠገነች። ፊቷ ተቀጠቀጠ፣ ቀለም ተቀባች፣ ያው ባሌስትራ፣ ያው ሳንቃ፣ ያው ሽብልቅ። አዲስ ሹፌር ተቀጠረላት፤ ጎፈሬው የሸበተ፣ ጨዋታ የሚያውቅ ሰው። ዛሬ ጠዋት ከነጭነቷ መጥቶ በሩ ላይ አቆማት።

«ወንድሜ፣ ዶክተሩን ጥራልኝ። ይቺ ሴትዮ ሆዷ ውስጥ ንብ ይዛለች።»

«ስትጫን ነው?» አለ ይሰማሃል።

«አዎ! እንዴት አወቅክ?»

ይሰማሃል ጽሑፉን ቀና ብሎ አየው። ከዚያ ክራንቹን ለኔ ወረወረልኝና እጁን ወደ ሹፌሩ ዘረጋ። «ሳበኝ።»

«ምን?»

«ወደ ላይ ሳበኝ። አጠገብህ ልቀመጥ።»

ሳበው። በመንገዱ ወደ ላይ ወጥተው፣ ዞረው ተመለሱ። ስናወርደው ፊቱ አመድ ለብሷል፤ ክራንቹን ከእጄ ተቀበለኝ። ዶክተር ጋ ሄደ።

«እሷው ናት።»

«ባዶዋን ያምጣትና አያታለሁ።»

«ዶክተር፣ ይቺው በር ላይ ናት። ተጭና። ምንም አትናገር፤ ጎንበስ ብለህ እይ ብቻ።»

«ሥራህን ሥራ። መልሳት።»

ይሰማሃል ወንበሩን አንስቶ በሩ መሃል ተከለና ተቀመጠ። «ይኸው፣ እየሠራሁ ነው» አለ። «የተጫነች ካልታየች ባዶም አይገባም፣ አይወጣም።»

አሁን እንግዲህ ያለነው እዚህ ላይ ነው። ሚስቱ ሰምታ መጥታለች፤ የልብስ መለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ድንጋይ ላይ አጠገቡ ተቀምጣለች። ወንድሟ በስልክ አዲሱን ሹፌር «ኮንክሪቱ እየጠበቀ ነው፣ ውረድ!» እያለ ይጮኽበታል፤ ድምፁ ከስልኩ አልፎ እኔ ድረስ ይሰማል። የጋራዡ ባለቤት ይሰማሃልን የሚያነሱ ሰዎች ሊጠራ ሄዷል። ሹፌሩ አንዴ ቁልቁለቱን፣ አንዴ የታጠፈውን የሱሪ እግር ያያል። እኔ መሬት ተኝቼ ሥሯን አየሁት፤ ካርዳኑ ከፊትና ከኋላ ልኩ አይገጥምም፣ በዓይን ይታያል። ብናገር «ጎማህን ለጥፍ» ተባልኩ። ዶክተር በሩ ውስጥ ቆሞ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፣ ይጠርጋል። መጎንበስ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። አልጎነበሰም።

እናንተን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ባለመኪና ሁኑ፣ መካኒክ ሁኑ፣ መርማሪ ሁኑ፣ ሹፌራችሁ «ስትጫን ነው የምትንቀጠቀጠው» ሲላችሁ «አራግፈህ ና» አትበሉት። ልብሳችሁ ይቆሽሽ። እንደተጫነች ጎንበስ በሉና ሥሯን እዩ። ከዚያ ጭነቱ ሳይቀነስ ጋቢና ግቡና አጠገቡ ተቀምጣችሁ ቁልቁለቱን ውረዱ። ሰፈሩ የሚቀርባችሁ ደግሞ አሁኑኑ ኑ፣ ከወንበሩ አጠገብ ቁሙ። ቁልፉ ገና ሹፌሩ እጅ ላይ ነው።